የአሥራ አንድ እንሰት ንስሐ

ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች እኛ ካቶሊኮች ዘመነ ምጽአት እንላቸዋለን። ካህኑ ሐምራዊ ይለብሳል፣ በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይበራል፣ ምእመኑ ደግሞ ጌታ ሲመጣ ቤቱን ቆሽሾ እንዳያገኘው ልቡን ይጠርጋል። በሌላው ዘንድ የጽሞና ጊዜ ነው። በእኛ መንደር ግን በዚያ ዓመት ከአራቱ እሑዶች አንዱም ያለ ደም አላለፈም። የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው ከመሠዊያው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። የመጨረሻው የእኔ ነበር።

መንደራችን በወላይታ ካለችው ከዱቦ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትርቃለች። ጸሎት ቤታችን የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነበራት፤ ዝናብ ሲመጣ ስብከት አይሰማም ነበር። እኔ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት፣ በመንደሩ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ቁጡ ነኝ። ዛሬም ቁጡ ነኝ፤ ዕድሜ ጉልበቴን እንጂ ንዴቴን አልወሰደውም። በቤታችን መማታት እንደ ሰላምታ ነበር። አባቴ ወንድሜን ይመታል፣ ወንድሜ እኔን፣ እኔ ደግሞ ያገኘሁትን። ክፍል ውስጥም የባሕር ዛፍ አርጩሜ ከጠመኔው ጎን አይጠፋም ነበር። ከስልሳ ተማሪ በአርጩሜዬ ነክቻት የማላውቃት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት። ልጆቹ "ቲቸር የጭናሻን እርግማን ትፈራለች" እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር። መፍራቱንስ እፈራ ነበር። የምፈራው ግን እርግማን አልነበረም።

ጭናሻ የሚባሉት ሸክላ የሚሠሩት ናቸው። ሰው ማሰሯቸውን ገዝቶ ይቀቅልበታል፣ ከእነሱ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይበላም። በጸሎት ቤታችንም የመጨረሻው አግዳሚ የእነሱ ነበር። እዚያ ተቀመጡ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ ወደ ፊት ኑ ያላቸውም የለም። ሸክላ ሠሪዋ የእናቴ እኩያ ብትሆንም አንቱ ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም ብያት አላውቅም።

የእኔና የእሷ ነገር ከዚያ ዘመነ ምጽአት ሰባት ዓመት በፊት ይጀምራል። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህራን ማሠልጠኛ አልፌ ነበር። አባቴ ደግሞ ሁምቦ ላለ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቃል ሰጥቶብኛል። ሰውየው ስድስት በሬ አለው ይባል ነበር፤ ፊቱን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ በሬዎቹ ይሻሉ ነበር። የማሠልጠኛው ደብዳቤ ሲመጣ አባቴ ሳያነበው ምድጃ ውስጥ ጨመረው። ማንበብ አይችልም ነበርና በምን ያንብበው። "ሴት ልጅ የምትማረው ባሏ ቤት ነው" አለኝና ወደ ጓሮ ወጣ። ጓሮ ውስጥ ለሰርጌ የለያቸው አሥራ አንድ ያደጉ እንሰቶች ነበሩ። ከእነሱ የሚወጣው ቆጮ ነበር የሙሽራውን ወገን የሚያበላው።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነው። ቤቱ ባዶ ሆነ። ገጀራውን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ።

የመጀመሪያውን ስመታ ገጀራው ግንዱ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። በእግሬ ረግጬ አወጣሁት። የእንሰት ግንድ ውሃ ያዘለ ነው፤ በመታሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ይረጫል፣ አፌ ይገባል፣ ይመርራል። በሦስተኛው ላይ መንገዱን አገኘሁት፤ ከሥር ሳይሆን ልቡ ያለበት ላይ፣ ዳግም እንዳያቆጠቁጥ። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። አባቴን የምቆርጠው ይመስለኝ ነበር። ደስም አለኝ። ይህን ለካህን ስናዘዝ አልደበቅኩትም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሥራ አንደኛው ሲወድቅ ግን ደስታው እንደ ውሃ ከላዬ ላይ ወረደ። የቆምኩበትን አየሁ። በወላይታ የሰው ኡታ፣ የሰው እንሰት፣ መቁረጥ የሰውን ልጅ ከመግደል እምብዛም አይለይም። ገጀራውን ገደል ወርውሬ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ወንዝ ወርጄ ውሃ ቀዳሁ።

ማታ ጩኸቱ ሲነሣ የማንም አፍ ወደ እኔ አልዞረም። ሁሉም ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞሩ። ከአጥራችን በታች ካለው ቦይ ጭቃ ስትቆፍር አባቴ አግኝቷት ቅርጫቷን ገደል ጥሎባት ነበር። እሷም "የተከልከው አይጽደቅልህ" ብላዋለች። ከዚህ በላይ ምስክር ማን ይፈልጋል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው፤ እኔ ግን ላሟ የዋለችበትን ሜዳ አውቅ ነበር።

ወንድሜ ከገበያ ይዞ የተመለሰውን ዱላ ሳያስቀምጥ ወደ ቤቷ ሄደ። እየሮጥኩ ተከተልኩት። ላስቆመው አልነበረም፤ ለማየት ነበር። ደጃፏ ላይ ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ለመድረቅ ተደርድረዋል። በረድፍ በረድፍ እየሄደ አደቀቃቸው። እሷ የአንድ ዓመት ልጅ አዝላ ከቤት ወጣች፤ የቀረውን ረድፍ ለማዳን ይሁን ልጅቷን ለመከለል ቀኝ እጇን አነሣች። ዱላው አንጓዋ ላይ አረፈ። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷ ጀርባዋ ላይ ሆና ስታለቅስ እናትየዋ ድምፅ አላወጣችም፤ እጇን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር ሁለተኛው ዱላ ባላረፈ ነበር። ሁለተኛው አረፈ፣ ሦስተኛውም አረፈ።

ዱቦ ሆስፒታል እንውሰዳት ያለ ሰው አልጠፋም። "ማን መታሽ ቢሏት ምን ልትል ነው?" ተባለና ለወጌሻ ተሰጠች። እጇ ተጣሞ ገጠመ። ጭቃ አድቦልቡሎ ማዞር ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው ውሃ እየቀዳችና እንጨት እየለቀመች ኖረች። የሁምቦው ሰው ወገኖች ደግሞ የሰርጉ እንሰት መቆረጡን ሲሰሙ "ይህ ጎሜ ያለበት፣ በደል የተቀመጠበት ቤት ነው" ብለው ቃላቸውን ሰረዙ። አባቴ ተስፋ ቆርጦ "ሂጂ ወደምትሄጂበት" አለኝ። ሄድኩ፤ ደብዳቤው ቢቃጠልም ስሜ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። የመምህርነት ወረቀቴን ያገኘሁት በሷ እጅ ስብራት ነው። ይህንን ሰባት ዓመት ሙሉ አውቀው ነበር፤ ሰባት ዓመት ሙሉም መንገድ ላይ ስትገጥመኝ ደህና ዋልሽ እላት ነበር።

አሁን ወደዚያ ዘመነ ምጽአት ልመለስ። አባቴ ሆዱ አብጦ ከመስከረም ጀምሮ ተኝቷል። መድኃኒቱም አልያዘው አለ። ሰው ከዚህ በኋላ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጎሜ። ጎሜ ማለት የተሠወረ በደል ነው፤ ያልተነገረ ከሆነ ቤቱ ላይ ተቀምጦ ሰው ይበላል። መድኃኒቱ ንግግር ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሁሉም ያጠፋውን በአፉ ያወጣል። በሹክሹክታ የወጣ ጎሜ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመርን ሁለት ትውልድ ቢያልፍም ይህ ከውስጣችን አልወጣም።

አዲሱ ካህን ይህን ከየት ያውቃል? ከሰሜን የመጣ ወጣት ነበር፣ ወላይትኛ አይሰማም፤ በአማርኛ ይሰብካል፣ የመንደሩ የሃይማኖት አስተማሪ የሆነው ካቴኪስታችን ይተረጉማል። በመጀመሪያው እሑድ ሻማውን ለኮሰና "አሁን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ዘንድሮ የበደላችሁትን በልባችሁ ዘርዝሩ" አለ። ከዚያ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ዝምታው ረዘመ። እንዲህ ያለ ዝምታ ቀብር ላይ እንኳ አይተን አናውቅም፤ ሰው ማሳል ጀመረ፣ አግዳሚው ይንቋቋል። ዘርዝሩ የተባለን ሰው በልቡ ሲዘረዝር ማን አይቶ ያውቃል? ካህኑ የኛን አፍ እየጠበቀ መሰለን።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። "እኔ" አሉ በወላይትኛ፣ "የጎረቤቴን የወሰን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ገፍቻለሁ። አንድ ጊዜ በበልግ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሱ ታሞ ሆስፒታል ሳለ።" ጎረቤትየው ከጎናቸው ተቀምጦ ነበር። "እኔ ስሞት አንተ..." አለና አልጨረሰውም። በጭንቅላቱ መታቸው። ሽማግሌው አፍንጫቸው ተፍረከረከ። ልጆቻቸው ዘለው ገቡ፣ የሱም ልጆች ዘለው ገቡ፣ አግዳሚ ተገለበጠ፣ ሴቶች ጮኹ። ካህኑ የካቴኪስቱን እጅጌ እየጎተተ "ምን አሉ? ምን አሉ?" ይላል። ካቴኪስቱም "ንስሐ እየገቡ ነው፣ አባ" አለው። አራቱ ሻማዎች የተተከሉበት የሸክላ ሳህን ተረግጦ ተሰበረ። ሸክላ ሠሪዋ እጇ ደህና ሳለ ለጸሎት ቤቱ የሠራችው ነበር። ሌላ የሚሠራ ስላልነበረ ሻማዎቹን ከዚያ በኋላ ድንች ላይ ተከልናቸው።

ካህኑ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ ንስሐ ለካህን በምስጢር እንጂ እንዲህ እንዳልሆነ አስረዳ። በትሕትና ሰሙት። ከዚያ አንዱ፣ "አባ፣ እሱንማ እናውቃለን፤ ያ ለእግዚአብሔር ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ነው" አሉት። በሰኞው ደግሞ የወሰኑ ድንጋይ ወደ ቦታው ተመለሰ። በፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያልተመለሰ ድንጋይ! ሰው ይህን አይቶ እንዴት ይተው? ካቴኪስቱ ያስቀበላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ወንዶች ዱላቸውን ደጅ ከምረው እንዲገቡ።

በሁለተኛው እሑድ ዱላው ደጅ ቀረ፣ ጥርስና ጥፍር ግን ገቡ። አንዲት ሴት የባሏን ወንድም ሚስት ላም ዓይን በሚጥሚጣ እንዳጠፋች ተናገረች፤ ሁለቱ ጠጉር ለጠጉር ተያይዘው እስከ በሩ ተንከባለሉ። ሊገላግል የገባ ሰው ጆሮው ተነክሶ ሸሚዙ በደም ራሰ። ካህኑ በመካከል ሲገባ ክርን አግኝቶት መነጽሩ ወደቀ። እኔ ከሴቶቹ ወገን በሦስተኛው አግዳሚ ተቀምጬ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ብለቀው የሚነሣ ይመስለኝ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ መንደር ያለ ብቅልም እየወጣ ነበር፣ ተራዬም እየደረሰ ነበር።

ሦስተኛው እሑድ የደስታ እሑድ ነው። ካህኑ ሐምራዊውን ትቶ ሮዝ ለበሰ። ወንድሜ ተነሣ።

ወንድሜ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። "የዚያችን ሴት እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ" አለ። "ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን በአፌ ብዬው አላውቅም። ይኸው አልኩ። አሁን ደግሞ እሷ የእኛን ኡታ መቁረጧን ትናገር። አባቴ እየሞተ ነው።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሸክላ ሠሪዋ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሣች። "አልቆረጥኩም" አለች።

"ተናገሪ እንጂ፣ ሰው እየሞተ!" አለች አንዷ።

"ያልሠራሁትን ከየት አምጥቼ ልናገር?"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። ነጠላዋን ከኋላ ሳቡት፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ሁለት ሴቶች በብብቷ ገብተው አነሷት። አንድ ወንድ ከንፈሯን በጥፊ መትቶ ቀደደው። "ተናገሪ! ተናገሪ!" እያሉ በአግዳሚዎቹ መካከል ጎተቷት፤ እግሯ መሬቱን እየጫረ። ልጅቷ፣ ተማሪዬ፣ የሰውየውን እጅ ነክሳ አልለቅም አለች። ጭንቅላቷን መትቶ አላቀቃት። እናትየዋን ደጅ ከተከመረው ዱላ አጠገብ ጣሏት። እኔ የመዝሙር መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ገጽ እንኳ ገልጫለሁ።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ወሰኑ። እስከ ገና ድረስ ብትናገር ደህና፤ ካልተናገረች ልጇን ይዛ ከመንደሩ ትውጣ፣ እስከዚያም ውሃ የሚያስቀዳት አይኑር። ካህኑ ተቃወመ፣ ለመነ፣ ተቆጣ። ካቴኪስቱ ግማሹን ተረጎመለት።

በሰኞ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። ያን ሰሞን ተማሪዎቼን ያለ ልክ መታሁ፤ አንዱን ልጅ እርሳስ ጣልክ ብዬ አርጩሜው እስኪሰበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ሴትየዋ በግራ እጇና በጥርሷ ጓዟን በገመድ እያሰረች ነበር። ከንፈሯ ሲላቀቅ እንደገና ይደማል።

"ቲቸር፣ ልጄን ፈልገሽ ከሆነ ከእንግዲህ አትመጣም" አለችኝ። "ብላቴ ማዶ እህት አለችኝ። እዚያ ትምህርት ቤት የለም።"

ልናገር መጥቼ ነበር። እውነቴን ነው፣ መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነበር የመጣሁት። ከአፌ የወጣው ግን "የመንፈቅ ፈተና ደርሷል" የሚል ነው።

ገመዱን ከጥርሷ አወጣች። "ማንበብ ጀምራ ነበር" አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልጅቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ግንባሯ አብጧል፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ የኔን የእርማት ምልክት በጣቷ ትከተላለች። ወጣሁ።

ቅዳሜ ለኑዛዜ ወደ ካህኑ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ገጀራውን፣ ደስታዬን። መነጽሩ አንደኛው በኩል በፕላስተር ተይዟል።

"ከእኔ አይወጣም" አለ። "ብሰቀልም አልናገረውም። ነገ እሷን እያየሁ እቀድሳለሁ፣ አልናገረውም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።"

"ካልተናገርኩስ አይፈቱኝም?"

"ነገ ጸጥታ እሰጣለሁ፤ ረጅም ጸጥታ" አለኝ። ተናደድኩበት። በሰላም ተፈትቼ ልሄድ ነበር የመጣሁት፤ ለነገ አሰረኝ።

በአራተኛው እሑድ ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሴትየዋ ትናገር ይሆናል ብሎ ሰው ከጉኑኖ መንገድ ሳይቀር መጥቷል። እሷም መጣች፤ በመጨረሻው አግዳሚ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ጓዟን አስራ ሳለ ለምን እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም። ካህኑ ስብከቱን አሳጠረ። "በጸጥታ ልባችንን እንመርምር" አለና ዝም አለ። ወደ እኔ አላየም። ማየት አልተፈቀደለትም፤ መሬት መሬት ያያል።

ተነሣሁ። በወላይትኛ ነበር የተናገርኩት፣ አጭር ነበር። "አሥራ አንዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሊድረኝ ስለነበር ነው። እሷ ምንም አላደረገችም። እጇ ሲሰበር አጥሩ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። ባለፈው እሑድም ተቀምጬ አይቻለሁ።"

ማንም አልጮኸም። ወንድሜ አየኝ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ሰባት ዓመቱን ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወደ ደጅ ወጣ። ከተከመረው ውስጥ የራሱን ዱላ ሲፈልግ፣ አንዱን ከአንዱ ላይ ሲጥል ይሰማኝ ነበር። ጊዜ ነበረኝ። የሴቶቹ በር ክፍት ነበር። አልሮጥኩም፤ ደፋር ሆኜ ግን አይደለም።

ካህኑ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ሦስት ሰዎች በእርጋታ ይዘው ገለል አደረጉት። "አባ፣ ይህን ለእኛ ይተዉልን" አሉት።

ወንድሜ ከመምታቱ በፊት ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞረ። "የማይገባሽን አሸክሜሻለሁ" አላት። "በቃ ስትዪኝ አቆማለሁ።"

ሽማግሌ ባለበት እንዲህ ያለ ቃል ሲሰጥ የሚጠበቀው የታወቀ ነው። የተበደለው ሰው ገና ዱላው ሲነሣ "በቃ" ይላል፤ መቺውም፣ ተመቺውም፣ ተመልካቹም ይህን ያውቃሉ። ወንድሜም ያን ጠብቆ ነው። እኔም ያን ጠብቄ ነው፤ አልዋሽም።

አላለችም።

የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ጀርባዬ ላይ። በሦስተኛው ከአግዳሚው ጠርዝ ጋር ተጋጭቼ ሁለት ጥርሴ ወጣ፤ አፌ በደም ሲሞላ የእንሰቱ ውሃ ምሬት ትዝ አላለኝም፣ ምንም ትዝ አላለኝም፣ መጮህ ብቻ። በአምስተኛው ወንድሜ ራሱ ማልቀስ ጀመረ። "በቃ በይኝ እንጂ!" ብሎ ጮኸባት። እሷ ቆማ ታየኝ ነበር። ጥርሷን አልነከሰችም፣ አልተደሰተችም። እንደ ሌላው ተመልካች ቆማ ታየኝ ነበር፤ እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ እሷን እንዳየኋት ማለት ነው። ቃል የገባ ሰው ነውና ወንድሜ ማቆም አልቻለም። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። በመዘግየቷ ቂም ይዤባት አላውቅም። እኔ ብሆን ከዚያ የበለጠ እዘገይ ነበር።

በመጨረሻ ወንድሜ ቀኝ እጄን ያዘና አግዳሚው ላይ አስተኛው። በእጅ የጀመረ በእጅ ይለቅ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ጣቶቼን ለመሰብሰብ ሞከርኩ፤ እምቢ አሉኝ። ዱላውን አነሣ።

"እጇን ተው" አለች።

ዱላው አየር ላይ ቀረ።

"ልጄን ታስተምርበታለች።"

በቃ አላለችም። ይቅር ብያለሁም አላለችም። ልጇን በግራ እጇ ይዛ ወጣች። ወንድሜ ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። ካህኑ መጥቶ በነጭ ጨርቅ አፌን ያዘልኝ። አራተኛውን ሻማ የለኮሰው ሰው አልነበረም።

አባቴ የጥምቀት ሰሞን ሞተ። ጎሜው ሁሉ ወጥቶ ለምን ሞተ ብለው ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሩ። ሴትየዋ መንደሩ ውስጥ ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃት እያልኩ አልጠየቅኳትም፤ ይቅር ብላኝ እፎይ እንድል ስለማልፈልግ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ፈርቼ ነው።

ከአራተኛው እሑድ ማግስት፣ በዚያች ሰኞ ግን ክፍል ገባሁ። ከንፈሬ አብጦ ቃል አይወጣውም፤ ጀርባዬ ቀና አይልም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ መጥታለች፣ በቦታዋ ተቀምጣ ደብተሯን ገልጣለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው እብጠት ገና አልጠፋም። ጠመኔ አንሥቼ ቀኑን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ፊደሉ ቀጥ ያለ ነበር። ዞር ስል ልጅቷ የምታየው ሰሌዳውን አይደለም፤ ፊቴንም አይደለም። እጄን ነው። እስክትተወው ጠበቅኳት። አልተወችውም። ማስተማር ጀመርኩ።